መጨረሻ የተነካው መጀመሪያ ይጠየቅ

የዛሬው ነገር የሆነው ደብረ ብርሃን ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ብርዷ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ከተማ። ወሩ ኅዳር ነው። ክረምቱ ከወጣ ሰንብቷል፤ አየሩ ደርቋል፤ ሌሊት ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ሰዉ የሱፍ ሹራብ ደርቦ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ የዚያው ከተማ ፋብሪካ የሠራውን ብርድ ልብስ ለብሶ ያድራል። ይህን ሱፍና ይህን ደረቅ አየር ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ይመጣሉ።

በዚያች ከተማ አንዲት የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት አለች። ቀን ታስተምራለች፤ ማታ የማስተርስ ጥናቷን ትጽፋለች። የምትጽፍበት ላፕቶፕ አሜሪካ ያለው ወንድሟ በሰው እጅ የላከላት ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ነው፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለ፣ በኪቦርዱ መካከል ቀይ ነጥብ ያለው ጥቁር ማሽን። የተማሪዎቿ ውጤት እዚያ ውስጥ ነው። የጥናቷ ምዕራፎች እዚያ ውስጥ ናቸው።

ማሽኑ ግን መጋል ከጀመረ ቆይቷል። ማራገቢያው ይጮኻል፤ ሁለት ፋይል ሲከፈትበት ይንቀራፈፋል። እሷም 8 ጊጋባይት ራም ገዛች፤ ትንሽ ተርማል ፔስት፣ ማለትም የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግር ቅባት፣ ጨመረች፤ አንድ ምሽት ካቻቢቴዋን ይዛ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ከኋላ የምትወጣውን ባትሪ ነቀለች። «አሁን ኃይል የለውም» አለች በልቧ። ክዳኑን ፈታች፣ ራሙን ጨመረች፣ ማቀዝቀዣውን አንስታ አቧራውን ጠረገች፣ ፔስቱን ቀባች፣ ሁሉንም መለሰች። ባትሪውን ሰካች፤ የማብሪያውን ቁልፍ ተጫነች።

ጥቁር። ስክሪኑ ጭልጭልታ እንኳ የለውም።

ደግማ ተጫነች። ቻርጀር ሰካችና ሠልሳ ተጫነች። ነቅላ ሰካች፤ እንደገና ተጫነች። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ላፕቶፑን በገዛ እጁ ከፍቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህችን ደቂቃ ያውቃታል። ልብ ይመታል፤ ጣት ወደ ቁልፉ ይሮጣል። ከዚያች ሰዓት በኋላ የሚደርሰው ጉዳት ብዙውን ጊዜ ከመክፈቱ አይመጣም፤ የሚመጣው ለማብራት ከመቻኮሉ ነው። አበው የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ያሉት እዚህ ጋ በደንብ ይሠራል፤ የፈሰሰው ኤሌክትሪክ ሲሆን ግን የሚለቀም ነገር የለም።

በጎረቤት አንድ አዛውንት አሉ። ዕድሜያቸውን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ እጃቸው ግን አሁንም አይንቀጠቀጥም። ስትጠራቸው ጋቢያቸውን እንደለበሱ መጡ። ገና ከበሩ ሳያልፉ ጠየቋት።

«ስንት ጊዜ ተጫንሽው ልጄ?»

«እኔንጃ ጋሼ፤ ደጋግሜ ነው።»

«በቃ። ከእንግዲህ አንድም ጊዜ እንዳትነኪው። ቻርጀሩን ንቀዪ፤ ባትሪውንም አውጪ።»

ምክንያታቸው ይህ ነው። ውስጥ የወደቀ ብሎን ካለ፣ የተጎረደ ሽቦ ካለ፣ ኮንታክት ያደረገ ነገር ካለ፣ ቁልፉ በተጫነ ቁጥር ኃይል ወደዚያው ወደ ቆሰለው ቦታ ይላካል። ብሎኗ ብትለቀም የሚድን ማሽን፣ በችኮላ ማዘርቦርዱ ይቃጠላል። ስለዚህ የምርመራው የመጀመሪያ ሥራ አለማብራት ነው።

ቀጥለው ጠየቁ። «ከፍተሽ ምን ምን ነካሽ? ከመጨረሻው ጀምረሽ ወደ መጀመሪያው ንገሪኝ።»

እሷም ቆጠረች። ክዳኑን ገጠምኩ፤ ከዚያ በፊት የማራገቢያውን ገመድ መለስኩ፤ ከዚያ በፊት ማቀዝቀዣውን አሰርኩ፤ ከዚያ በፊት ራሙን ጨመርኩ፤ አንድ ቀጭን ጥቁር ሽቦም መንገድ ላይ ሆኖብኝ ገፋ አድርጌዋለሁ አለች።

«እንግዲያው ደንቡን ያዢ» አሉ። «መጨረሻ የተነካው መጀመሪያ ይጠየቅ። ማሽኑ እስከ ዛሬ ማታ ይሠራ ነበር። ያልነካሽው ነገር በዚችው ሰዓት ተነሥቶ አይታመምም፤ ቢታመምም እንኳ ተራው በመጨረሻ ነው።»

ይህ ደንብ ቀላል ይመስላል፤ ግን ስንቱን ገንዘብ አድኗል! ላፕቶፑ አልነሣ ሲል ሰው ዘሎ ማዘርቦርዱን ይጠረጥራል፤ ሌላ ማዘርቦርድ ይገዛል። በሽታው ግን እጁ ባረፈበት ቦታ፣ ግማሽ ገብታ በቀረች አንዲት መሰኪያ ላይ ተቀምጧል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ።

አዛውንቱ ቀጥለው «መመሪያውን አንብበሻል?» አሉ። አላነበበችም። ሌኖቮ የቲንክፓድን የጥገና መመሪያ ለማንም ክፍት አድርጎ ያወጣል፤ የትኛው ብሎን የት እንደሚገባ፣ የቱ ከቱ ቀድሞ እንደሚፈታ በሥዕል ያሳያል። ሁሉም አምራች እንዲህ አያደርግም። በ2003 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሳን ሉዊስ ኦቢስፖ በምትባል ከተማ፣ ካይል ዊንስና ሉክ ሶልስ የተባሉ ሁለት የኮሌጅ ተማሪዎች የተበላሸ አይቡክ ሊጠግኑ ተነሡ፤ መመሪያ ቢፈልጉ አጡ። ከዚያ ችግር አይፊክሲት የተባለው ድርጅት ተወለደ፤ ዛሬ ማንኛውም ሰው የብዙ ሺህ ዕቃዎችን አከፋፈት በነፃ ያነብበታል። እኔ ይህን ነገር ከልቤ እወደዋለሁ። ዕቃው የኔ ከሆነ ውስጡን የማወቅ መብቱም የኔ ሊሆን ይገባል፤ ማወቅ ደግሞ በማንበብ ይጀምራል።

መምህርቷ መመሪያውን በስልኳ አወረደች። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማንበብ ጀመሩ። ትንሽ እንደሄዱ እሷ ዝም አለች።

«ምን አየሽ?»

«ጋሼ፣ ሁለት ባትሪ ነው ያለው።»

አዎ፣ ወገኖቼ። ቲ480 ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ ከኋላ በእጅ የሚወጣው ነው። ሌላው ከውስጥ፣ ከእጅ ማሳረፊያው በታች የተኛ የ24 ዋት-ሰዓት ባትሪ ነው። የኋላው ሲወጣ የውስጡ ሥራውን አያቆምም። እሷ ኃይል የለውም ብላ በብረት ካቻቢቴ ስትሠራ ማዘርቦርዱ ኃይል ነበረው። መመሪያው የሚለው ሌላ ነው፤ ማሽኑ ሳይከፈት፣ ገና በደህና ጊዜው፣ ሲነሣ ኤፍ1 ተጭኖ ከዊንዶውስ በፊት ወደሚገኘው የማሽኑ ማስተካከያ፣ ወደ ባዮስ፣ ይገባል፤ ኮንፊግ፣ ከዚያ ፓወር፣ ከዚያ ዲሴብል ቢልት-ኢን ባትሪ የሚለው ይመረጣል፤ ቻርጀር ይነቀላል። ያኔ የውስጡ ባትሪ ሥራ ያቆማል፤ ማሽኑም በእርግጥ ይተኛል። በሌሎች ላፕቶፖች ይህ ምርጫ ላይኖር ይችላል፤ እዚያ ክዳኑ እንደተነሣ፣ ሌላ ምንም ሳይነካ፣ የባትሪውን መሰኪያ መንቀል ነው።

አዛውንቱ አልተቆጧትም። «ተነሺ ከአልጋው» አሉ ብቻ። «ሹራብሽን እዚያ ማዶ ሄደሽ አውልቂ። ሥራው ጠረጴዛ ላይ ነው።»

ቅድም ልብ በሉልኝ ያልኩት ሱፍና ደረቅ አየር ይኸው መጣ። በብርድ ሌሊት ሹራብ ስታወልቁ ጸጉራችሁ ላይ ሲንጣጣ ሰምታችኋል። ያ ስታቲክ የሚባለው ኤሌክትሪክ ነው፤ ሱፍና ሰውነት ሲፋተጉ ይጠራቀማል፤ አየሩ እርጥበት ስለሌለው አይበተንም። ሰው ያን ንዝረት በጣቱ የሚሰማው ወደ 3,000 ቮልት ሲደርስ ነው። በማዘርቦርድ ላይ ካሉት ስስ ክፍሎች ግን ከ100 ቮልት በታች እንኳ የሚጎዱ አሉ። ስለዚህ ምንም ሳይሰማችሁ፣ ብልጭታ ሳታዩ፣ በጣታችሁ ጫፍ ልትጎዱት ትችላላችሁ። ክፋቱ ደግሞ አንዳንዱ ጉዳት ወዲያው አይታይም፤ ክፍሉ ይዳከምና ከቀናት በኋላ ይወድቃል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ሱፍና ናይለን ማውለቅ፤ ባዶ እንጨት ጠረጴዛ ላይ መሥራት፤ ከመንካት በፊት ወደ መሬት የሚወርድ ቀለም ያልተቀባ ብረት፣ ለምሳሌ የብረት የውኃ ቧንቧ፣ በእጅ መያዝ፤ በየመሐሉም መድገም። ራምና ቦርድ ሲያዝ ጠርዙን እንጂ ፊቱን አለመንካት። የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር የስታቲክ ማሰሪያ ያለው ሰው ይጠቀምበት።

ክዳኑን አነሡ። አዛውንቱ ከሁሉ አስቀድመው የውስጡን ባትሪ መሰኪያ አስነቀሏት። ቀጥለው የማብሪያውን ቁልፍ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭና እንድትይዝ አደረጉ፤ በውስጥ የቀረው ኃይል እንዲፈስ ነው። ከዚያ መብራት ጠየቁ።

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ፤ የምርመራው ልብ ያለው እዚህ ነውና። መጀመሪያ የመረመሩት በአፍንጫ ነው። የተቃጠለ ክፍል ጠረኑ አይሸሸግም፤ ይሰነፍጣል። አልሸተተም። ቀጥሎ የስልኩን መብራት ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ዝቅ አድርገው አበሩ። ብርሃን ከጎን ሲመጣ ጭረት ጥላ ይጥላል፤ ከቦታው የተነቀለ ክፍል ባዶ ስፍራው ያበራል። አጉሊ መነጽር ይዘው እጇ ያለፈበትን መንገድ ተከተሉ። የራሙን ዙሪያ፣ የማቀዝቀዣውን ዙሪያ፣ የብሎኖቹን ቀዳዳ ዙሪያ አንድ በአንድ አዩ።

የሚፈልጉት ይህን ነበር። በራሙ ማስገቢያ አጠገብ ከተደረደሩት ጥቃቅን ክፍሎች ካቻቢቴ ገፍቶ የነቀለው አለ? በብሎን ቀዳዳ አጠገብ የተላጠ የቦርድ ቆዳ፣ የተገለጠ መዳብ አለ? ከውስጥ የቀረ ብሎን ወይም የብረት ፍርፋሪ አለ? ጠፍጣፋ ገመዶች የሚገቡባቸው መሰኪያዎች ላይ ያለችው ቀጭን መያዣ ተሰብራለች? የተጨመቀ ፔስት ከሚገባው አልፎ ፈስሷል? ባትሪው አብጧል?

ብሎን ላይ ላተኩር። ቲ480 ለሰው የሚራራበት አንድ ነገር አለው፤ የክዳኑ ብሎኖች ሲፈቱ ከክዳኑ ወጥተው አይጠፉም። በብዙ ላፕቶፖች ግን ብሎኖቹ ወጥተው ይበተናሉ፤ ርዝመታቸውም እኩል አይደለም። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ሲገባ ጫፉ አልፎ ማዘርቦርዱን ይወጋል፤ በውስጡ ያሉትን መስመሮች ይበጥሳል። ሠሪው «ደህና ጠበቀ» ብሎ ያስባል። ስለዚህ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ቅርጽ ሥሉ፤ እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ላይ አስቀምጡ። በየደረጃው ፎቶ አንሡ። ሲገጠም በእጅ ስሜት የሚታገል ብሎን ካለ አታስገድዱት፤ አውጥታችሁ እዩት።

ሁሉን አዩ። የማቀዝቀዣው ብረት ላይ አንድ ጭረት አለ፤ ቦርዱ ላይ ግን የለም። የተነቀለ ክፍል የለም። መምህርቷ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

ያኔ ራሙን ጠየቁት። አዲሱ ራም ከጎን ሲታይ የወርቅ ቀለም ያለው ጠርዙ በአንድ ወገን ይታያል፤ በሌላው ወገን ተሸፍኗል። ይህ ማለት ተጣሞ ገብቷል ማለት ነው። ራም የሚገባው ዘንበል ተደርጎ እስከ ውስጥ ከተገፋ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወደ ታች ሲጫኑት የግራና የቀኝ መያዣዎች ቀጭ ብለው ይይዙታል። ሁለት ቀጭ ካልተሰማ አልገባም። እሷ አንድ ብቻ ሰምታ ነበር።

«አዲሱን አውጪው» አሉ አዛውንቱ። «መጀመሪያ በድሮው ብቻ እናየዋለን።»

ይህንንም ያዙ። ሲመረመር ማሽኑ በትንሹ ነው የሚነሣው። በሚታወቅ አንድ ራም፣ ያለ ፍላሽ፣ ያለ ማውስ። ሲነሣ አንድ በአንድ ይጨመራል፤ በየትኛው ጭማሪ እንደወደቀ ያኔ ይታወቃል። ጠርዙ ላይ የጣት ቅባት ካለ በአልኮል በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 ከመቶ አልኮል የቀረው ውኃ ነውና በደንብ እስኪደርቅ መጠበቅ ያሻል፤ ከ90 ከመቶ በላይ የሆነው ከተገኘ ይመረጣል።

የውስጡን ባትሪ መልሰው ሰኩ። እሷ ቶሎ ብላ ቁልፉን ልትጫን ስትል ያዟት። «ቻርጀሩን አስቀድሚ።» ባትሪው ተነቅሎ ወይም በባዮስ እንዲተኛ ተደርጎ የነበረ ቲንክፓድ ቻርጀር እስኪሰካለት ድረስ ላይነቃ ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው «ገደልኩት» ብሎ ያለቅሳል።

ቻርጀሩ ተሰካ። በስክሪኑ ጀርባ ላይ፣ ቲንክፓድ በሚለው ጽሑፍ ውስጥ ያለችው ቀይ ነጥብ ሦስት ጊዜ ብልጭ አለች።

«አየሽ?» አሉ አዛውንቱ። «ይህ ማሽን በሕይወት አለ።» እውነታቸውን ነው። ያቺ ነጥብ ኃይል ሲሰካ ሦስት ጊዜ እንድትበራ ተደርጋ ነው የተሠራችው። እሷ ከበራች ኃይል ወደ ቦርዱ ደርሷል፤ የቦርዱ ተቆጣጣሪም ነቅቷል ማለት ነው። ስክሪን ከመጠበቅ በፊት እንዲህ ያሉ ትናንሽ ምልክቶችን ማንበብ ይገባል። ሌሎች ላፕቶፖችም የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። በብዙ ዴሎች ላይ መብራቷ ሁለት ጊዜ ብርቱካናማ፣ ሦስት ጊዜ ነጭ ብልጭ ካለች «ራም አላገኘሁም» ማለቷ ነው። ቲ480 ደግሞ ስክሪኑ ጠቁሮ ድምፅ ካሰማ፣ ሌኖቮ ያወጣው የስልክ መተግበሪያ ድምፁን አድምጦ በሽታውን ይናገራል።

አሁን ቁልፉን ተጫነች። ስክሪኑ ዝም አለ። ጥቂት ቆየ። እጇ ሊነሣ ሲል አዛውንቱ በዓይናቸው ከለከሏት። ራም ሲቀየር ማሽኑ በመጀመሪያው ማስነሻ አዲሱን ሁኔታ እስኪለማመድ ጊዜ ሊወስድ ይችላል፤ በዚያ መሐል ማጥፋት ሥራውን ማቋረጥ ነው። ከዚያ ስክሪኑ በራ። በጥቁሩ ላይ ሁለት ቃል ጻፈ፤ ፋን ኤረር። ወዲያውም ጠፋ።

እሷ ደነገጠች፤ እሳቸው ደስ አላቸው። ስክሪኑ ሠርቷል፣ ራሙ ሠርቷል፣ አንጎሉ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ፣ ሠርቷል፤ ማሽኑ በሽታውን ራሱ ተናገረ። የማራገቢያው ገመድ ኃይል ብቻ አይወስድም፤ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደዞረ ለቦርዱ ይመልሳል። ቦርዱ ያን መልስ ካላገኘ አንጎሉ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። ማራገቢያው መጨረሻ ከተነኩት ውስጥ ነበር። ኃይሉን እንደገና ነቅለው ቢያዩ መሰኪያዋ ግማሽ ገብታ ቀርታለች። በወረንጦ ሽቦዋን ሳይጎትቱ መሰኪያዋን ራሷን ገፉ፤ ገባች። አቧራ ሲጠረግም ማራገቢያውን በአየር ግፊት ማሽከርከር አይገባም፤ ክንፉን በጣት ይዞ መጥረግ ነው፤ አለዚያ መሽከርከሪያው ይጎዳል።

ማሽኑ ተነሣ። ዊንዶውስ ገባ። መምህርቷ እጇን አጨበጨበችና ክዳኑን ልትገጥም ተነሣች።

«ተቀመጪ ልጄ» አሉ። «ምርመራው ገና አሁን መጀመሩ ነው።»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ተነሣ ማለት ዳነ ማለት ይመስለዋል። አዛውንቱ ግን በተራ አስኬዷት። ከሁሉ በፊት ጥናቷንና የተማሪዎቿን ውጤት ወደ ፍላሽ አስገለበጧት። የታመመ ዲስክ በምርመራ ጊዜ ሊወድቅ ይችላል፤ ሥራሽ ከውጭ ካልተቀመጠ ምንም ዓይነት ሙከራ አትጀምሪ አሏት።

ቀጥሎ ዲስኩን። ዲስኮች ስለ ጤናቸው የሚመዘግቡት ስማርት የሚባል መዝገብ አላቸው፤ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይነበባል። በእሷ ማሽን ያለው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ዲስክ ነው፤ ከቦርዱ ጋር የሚገናኘውም በስስ ገመድ ነው። በመዝገቡ ውስጥ ሲአርሲ ኤረር የሚለው ቁጥር ለከፋቾች ልዩ ትርጉም አለው፤ እሱ የሚያድገው አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ሲታመም ሳይሆን ገመዱ ወይም መሰኪያው በደንብ ሳይገናኝ ሲቀር ነው። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፈች። ቁጥሩ ያለፈውን ሁሉ ይዞ ስለሚቆይ ዋናው ነገር መጠኑ አይደለም፤ ከዛሬ በኋላ መጨመሩ ነው።

ከዚያ ዋይፋይ። ራውተሩ አጠገብ ይሠራል፤ ወደ ጓዳ ስትገባ ይጠፋል። ስልኳ ግን ጓዳም ውስጥ ሙሉ ነው። «ቀጭን ጥቁር ሽቦ ገፋሁ ብለሽ አልነበር?» አሉ። አንቴናው ነበር። ሁለት የአንቴና ሽቦዎች በዋይፋይ ካርዱ ላይ የሚቀመጡት ከምስር ፍሬ በምታንስ ክብ መሰኪያ ነው፤ አንዷ ወልቃ ነበር። እንዲህ ያሉት መሰኪያዎች ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንዲነቀሉና እንዲሰኩ የተሠሩ ናቸው። ኃይሉን ነቅለው፣ ልክ መሐሏ ላይ አስተካክለው፣ ከላይ ወደ ታች በቀጥታ ተጫኗት። ጓዳ ውስጥም ሠራ።

ከዚያ አዲሱ ራም ገባ፤ ሁለት ቀጭ ተሰማ። ባዮስ ውስጥ 16 ጊጋባይት ታየ። መታየቱ ግን አይበቃም። ሌሊቱን ሙሉ ሜምቴስት86 ፕላስ እንዲሮጥ ተዉት። ይህ ፕሮግራም በራሙ እያንዳንዱ ክፍል ላይ ይጽፋል፤ መልሶ ያነባል፤ ልዩነት ካገኘ ያስታውቃል። በራም ላይ አንድ ስሕተትም ቢሆን አይታለፍም፤ ዛሬ አንድ ፊደል የሚያበላሽ ራም ነገ የጥናት ምዕራፍ ያበላሻል።

ሌሊት ላይ መብራት ጠፋ። ማሽኑ ግን አልጠፋም። ጠዋት ሲያዩት ሙከራው ያለ ስሕተት እየሄደ ነው፤ የመብራቱ መጥፋት ባትሪዎቹን ፈትኖ አለፈ። ያም ሆኖ በዊንዶውስ ባትሪ ሪፖርት የሚባለውን አወጡ። እያንዳንዱ ባትሪ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን አቅምና ዛሬ ሲሞላ የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። ሁለቱም ባትሪዎች በዝርዝሩ መኖራቸው ብቻውን ዜና ነው፤ የውስጡ መሰኪያ በትክክል መግባቱን ይናገራል።

የቀረው ሙቀቱ ነበር፤ እዚህ ላይ ደብረ ብርሃን የራሷ ድርሻ አላት። ሌኖቮ ለቲንክፓድ ያወጣው ደንብ ከ2,438 ሜትር በታች ማሽኑ እስከ 35 ዲግሪ ባለ አየር ውስጥ እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ ከዚያ ከፍታ በላይ ግን ጣሪያውን ወደ 31.3 ዲግሪ ያወርደዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከፍ ሲባል አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙ ያንሳል። ደብረ ብርሃን፣ ደሴ፣ ሌሎችም ደጋ ከተሞች ከዚያ መስመር በላይ ናቸው። የከተማዋ ብርድ ቢያግዝም ደጋ ላይ ያለ ላፕቶፕ ማቀዝቀዣው በደንብ መታሰሩ፣ ፔስቱም በትክክል መቀባቱ ከቆላው ይልቅ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ማሽኑን ለግማሽ ሰዓት ከባድ ሥራ ሰጡት፤ ሙቀቱን በፕሮግራም ተከታተሉ። የዚህ ማሽን ኢንቴል አንጎል 100 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ያዘገያል። እዚያ ዘሎ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም ከአንጎሉ ክፍሎች አንዱ ከሌሎቹ በብዙ ከጋለ፣ ማቀዝቀዣው በአንድ ወገን ከፍ ብሎ ቀርቷል ማለት ነው። የእሷ አንዱ ክፍል ጋለ። ቢያዩት አንድ ብሎን አልጠበቀም። አዛውንቱ በጽሞና አሳዩዋት፤ የማቀዝቀዣ ብሎን አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ሌላው አይኬድም፤ ሁሉንም ጥቂት ጥቂት፣ በትይዩ፣ በመመሪያው ቁጥር ቅደም ተከተል ነው። ፔስቱ አዲስ ተቀባ፤ ብሎኖቹ እኩል ታሰሩ፤ ሙቀቱ እኩል ሆነ።

በመጨረሻ እያንዳንዱ የኪቦርድ ቁልፍ ተጻፈበት፤ ቀይዋ ነጥብና ታችፓዱ ተሞከሩ፤ ካሜራው፣ ድምፁ፣ ሁሉም የፍላሽ ቀዳዳዎች በተራ ተነኩ። ሲነሣ ኤፍ10 ተጭነው የሌኖቮን የራሱን የምርመራ ፕሮግራም አስኬዱ። ሁሉም አለፈ።

«ጋሼ፣ ጉዳት ብናገኝስ ኖሮ?» ብላ ጠየቀች።

አዛውንቱ ድምፃቸው ከበደ። «እጅ የሚሰበሰብበት ቦታ አለ ልጄ። ባትሪ ካበጠ አትጫኚው፣ አትውጊው፣ ቻርጅ አታድርጊው፤ አውጥተሽ ከሚነድድ ነገር አርቀሽ ለሚያውቅ ሰው ስጪ። የተቃጠለ ጠረን ካሸተትሽ፣ ከቦርዱ ክፍል ተነቅሎ ካየሽ፣ አታብሪው። የተነቀለውን ክፍል ግን አትጣዪው፤ ብየዳ የሚችል ባለሙያ መልሶ ሊያስቀምጠው ይችላል። ቻርጀሩንም በቮልት መለኪያ ለክተሽ አትደናገጪ፤ የዚህ ማሽን ዩኤስቢ-ሲ ቻርጀር ላፕቶፑ እስኪጠይቀው ድረስ ከ5 ቮልት በላይ አይሰጥም፤ 20 ቮልት የሚሆነው ከተነጋገሩ በኋላ ነው።»

ክዳኑ ተገጠመ። አዛውንቱ ግን አንድ ቀጠሮ ያዙላት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁሉንም እንደገና እንድትመረምር። ስታቲክ የጎዳው ክፍል ዘግይቶ ሊወድቅ ይችላል፤ የላላ ገመድም ላፕቶፑ በቦርሳ ሲንገላታ ነው ማንነቱን የሚያሳየው። ቀኑ ሲደርስ የዲስኩን መዝገብ ከፈተች፤ የጻፈችውን ወረቀት ጎኑ አስቀመጠች፤ የሲአርሲው ቁጥር አንድ እንኳ አልጨመረም። ራሙን ደግማ ፈተነች፤ ንጹሕ ነው። ሙቀቱ እኩል ነው።

በሳምንቱ አንድ የሥራ ባልደረባዋ ላፕቶፑን በገዛ እጁ ሊከፍት መሆኑን ነገራት። አታድርገው አላለችውም። የማሽኑን መመሪያ ስልኩ ላይ አወረደችለት፤ ሥራውን በፍላሽ አስገለበጠችው፤ ባትሪው ስንት እንደሆነ አስቆጠረችው፤ ከዚያ ካቻቢቴዋን አዋሰችው።